ከገደል ሥር የያዘኝ ቁንጭር

ፊታችሁ ላይ የማያም፣ ብዙም የማያሳክክ፣ ግን በምንም ቅባት አልሽር ያለ እብጠት ካለ፣ እኔ ያለፍኩበትን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የእኔ ቁስል እንደ ትንሽ ነጥብ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ትክክለኛ ስሙን እስካገኝ ድረስ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ያን ያህል መቆየት አልነበረበትም። እናንተ እንዳትቆዩ ብዬ ነው የምጽፈው።

እናንዬ እባላለሁ። ላስታ ውስጥ የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ላሊበላ ከተማ ነው። ያገባሁት ደግሞ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ማዶ፣ ገደል ሥር ከተደረደሩት ቤቶች በአንዱ የሚኖር ደረጀ የሚባል ገበሬ ነው። ቤታችን ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ የተሠራ ነበር። አጠገባችን የደረጀ አባት፣ አማቴ አያ ሞላ ይኖራሉ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይቷል። በሁለታችን ቤት መካከል፣ ገደሉ ውስጥ የገባ ሰፊ ዋሻ አለ፤ ከብቶቻችን የሚያድሩት እዚያ ነበር። ዝናብ አያገኛቸው፣ ጅብ አይደፍራቸው። ጥሩ በረት ነው ብዬ ለዘመዶቼ በኩራት አሳይ ነበር።

ነጥቧ የወጣችው ክረምቱ እንደወጣ ነው። ቀኝ ጉንጬ ላይ፣ ከአፍንጫዬ ጠርዝ ከፍ ብላ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነገር ሆና ታየችኝ። ትንኝ የነከሰኝ መሰለኝና ተውኳት። አዝመራው ሲሰበሰብ ባቄላ አከለች። ለጥምቀት ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ መሐሏ ጎድጉዶ፣ ዙሪያዋ አብጦ፣ ላይዋ ላይ ቅርፊት ሠርቶ ነበር። ቅርፊቱን ስታጠብ ይነሳል፤ በማግስቱ ይመለሳል። አያመኝም ነበር። ሕመም ቢኖረውማ ቶሎ እደነግጥ ነበር።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቅባት ሰጡኝ። ቅባቱ ሲያልቅ ቁስሉ ሰፍቷል። ከተማ ወርጄ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ፤ «የቆዳ ፈንገስ ነው» ተባልኩና የሚዋጥም የሚቀባም ይዤ ተመለስኩ። እሱንም ጨረስኩ። በዚህ መሐል አያ ሞላ ዝም ብለው አላዩኝም። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ በቅጠል የተጠቀለለ የተወቀጠ ነገር አመጡልኝ።

«ልጄ፣ ይህ የሌሊት ወፍ የሸናብሽ ነው» አሉኝ። «እኔ ልጅ ሳለሁ አክስቴን እንዲሁ አድርጓታል። ይህን መድኃኒት አዋቂ ነው የሰጠኝ። አንድ ቀን ያቃጥልሻል፤ ከዚያ ቅርፊቱን ይዞ ይወድቃል።»

በፍቅር ያመጡትን መመለስ ከበደኝ። ቀባሁት። ማቃጠሉን አቃጠለኝ፤ ቅርፊቱም እንዳሉት ወደቀ። ሲወድቅ ግን ከበፊቱ የሰፋ ጉድጓድ ጥሎ ነበር። አያ ሞላ አይተው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና ወጡ። ብዙ ቀን ዓይኔን አላዩኝም።

ከሁሉ የከፋው ሌላ ከተማ ያለ ክሊኒክ ነው። እዚያ ያየኝ ሰው ቁስሌን ወዲያ ወዲህ አገላብጦ ካየ በኋላ፣ በሩ ክፍት፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል» አለኝ። ሊሆን ይችላል ነው ያለው። ሰው ግን «ሊሆን ይችላል»ን አይሰማም። እኔ አገሬ ከመድረሴ በፊት ወሬው ደርሶ ጠበቀኝ።

ትምህርት ቤት አንዲት እናት መጥታ ልጇ ከፊተኛው ወንበር ወደ ኋላ እንዲዛወርላት ጠየቀች። በሳምንቱ ሌሎችም ጠየቁ። ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢሮው አስገብቶ ጣቶቹን እያፍተለተለ፣ «መምህርት እናንዬ፣ ለጊዜው እረፍት ብትወስጂ ምን ይመስልሻል?» አለኝ።

«ልጆቹ ፈተና አለባቸው» አልኩት።

«ወላጆቹ እኮ…»

«ወላጆቹ ይምጡና እኔኑ ይጠይቁኝ። ክፍሌን ግን አልለቅም።»

ጠመኔዬን ይዤ ገባሁ። ፊቴን በነጠላ ከልዬ፣ ዓይኔን ብቻ አስቀርቼ አስተማርኩ። ልጆቹ ወዲያው ለመዱኝ፤ ትልቆቹ ናቸው ያልለመዱት።

ቤት ግን እንደ ትምህርት ቤቱ በርትቼ አልቆምኩም። ልጄ ማስተዋል ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። የምትበላበትን ሳህን ለየሁላት። ጡት ካስጣልኳት ወዲህ እቅፌ ውስጥ ነበር የምትተኛው፤ አልጋዋን ለየሁ። መሳምም አቆምኩ። «እማ፣ ተጣላሽኝ እንዴ?» ትለኛለች። ስትተኛ ጠብቄ እግሯን እዳብሳለሁ፤ ፊቴን ግን አላስጠጋትም። ደረጀ ሁሉን ያያል። አንድ ማታ፣ ገለባ ሲያግዝ ውሎ ደክሞት ተቀምጦ፣ «እናንዬ፣ ከሆነስ ምንድን ነው የምናደርገው?» አለኝ። «ከሆነ ይሆናላ፤ መድኃኒት አለው። መጀመሪያ ግን መሆኑን ይንገሩን» አልኩት። እንዲህ ያልኩት ለእሱ ብዬ ነው። ሲነጋጋ እየነቃሁ ጣቶቼን አንድ በአንድ እቆነጥጥ ነበር፣ ስሜታቸው አለ ወይስ ሄዷል እያልኩ።

ጠበልም ተጠምቄያለሁ። ያጠመቁኝ ቄስ ነጠላዬን ገለጥ አድርገው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ሐኪም ምን አለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እያንዳንዱ የተለያየ ነገር ይለኛል፣ አባ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር የሚል እስክታገኚ ድረስ አትቁሚ። ጠበሉንም ተጠመቂ፣ ሐኪሙንም አትተዪ። ሁለቱም የእግዜር ናቸው» አሉኝ። እርሳቸው «አትሂጂ» ብለውኝ ቢሆን ምን እሆን እንደነበር አላውቅም።

ያዳነችኝ ግን የማላውቃት ሴት ናት። ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ወርጄ በርበሬ ስመርጥ፣ ከፍላቂት በኩል ገብስ ይዛ የመጣች አንዲት ሴት አየሁ። አፍንጫዋ ላይ ጠባሳ አለ። ክብ፣ ለስለስ ያለ፣ ከዙሪያው ነጣ ያለ። እንደ እኔ ቁስል መጠን ነው። ገበያው መሐል ቆሜ ቀረሁ። ሄድኩና አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝና፣ አፍንጫሽን ምን ሆነሽ ነው?»

ነጠላዬን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ እጇን ዘርግታ ገለጠችው፤ የገብሱ ገዢ ቆሞ እየጠበቃት።

«ውይ፣ ቁንጭር እኮ ነው!» አለች። «አይዞሽ። እኔ ከዚህ የባሰ ነበረብኝ፤ አፍንጫዬ ሊወድቅ ነው ብዬ አልቅሼ ነበር። መርፌ አለው። መርፌው ያማል፤ ግን ይድናል።»

የት እንደታከመች ነገረችኝ። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ከፍላቂት አልፎ፣ ይህን በሽታ የሚያክም ሆስፒታል አለ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም፤ ገዢው ተጣደፈ፣ እኔም አለቀስኩ። እግዜር ይስጣት።

ለሆስፒታሉ ደረጀ አብሮኝ ሄደ። መንገዱ ለተወሰነ ጊዜ ተዘግቶ ስለነበር፣ በተከፈተ ማግስት በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። የምርመራ ክፍሉ በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ስመለከት ጆሮው ላይ ያለበት አለ፣ ከንፈሯ ያበጠ አለች፣ ግንባሩ ላይ ሦስት ቦታ የወጣበት ሽማግሌ አለ። ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላዬን ከፊቴ ላይ አወረድኩ። ማንም ዞሮ አላየኝም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ቁስሉን ካየች በኋላ ስለ ሕመሜ የጠየቀችኝ ጥቂት ነው። የጠየቀችኝ ስለ ቤቴ ነበር።

«ቤታችሁ የት ነው?»

«ከላሊበላ ወዲያ፣ በነአኩቶ ለአብ በኩል።»

«እሱን አይደለም። የተሠራበት ቦታ ምን ዓይነት ነው? ሜዳ ነው? ወንዝ ዳር ነው?»

«ገደል ሥር ነው።»

«ከብት የት ነው የሚያድረው?»

«ዋሻ አለን።»

«ሽኮኮ ታያላችሁ?»

ደረጀ ሳቀ። «ዶክተር፣ ሽኮኮ የሌለበት ገደል አለ እንዴ? ጠዋት ጠዋት ከቤታችን በላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ።»

እሷ አልሳቀችም። በምላጭ ጫፍ የቁስሉን ጠርዝ ፋቅ አድርጋ፣ የወጣውን መስታወት ላይ ቀብታ ወደ ላቦራቶሪ ላከችው። ውጤቱ ሲመጣ አስቀምጣ አስረዳችን። ቁንጭር በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሐዋስ የሚያመጣው ነው። ተሐዋሱ የሚኖረው ሽኮኮ ላይ ነው፤ ሽኮኮዋን ግን ብዙም አይጎዳትም። ከትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት ዝንብ አለች፤ የአሸዋ ዝንብ ይሏታል። ቀን በድንጋይ ስንጥቅና በዋሻ ትሸሸጋለች፤ እርጥበት ያለው፣ ፍግ የተቀላቀለበት አፈር ለእንቁላሏ ይመቻታል። ሲመሽ ትወጣለች። ሽኮኮውን የነከሰች ዝንብ ሰውን ስትነክስ ተሐዋሱን ታስተላልፋለች። ይኸው ነው።

«የሌሊት ወፍ አይደለም?» አልኳት፣ አያ ሞላን አስቤ።

«አይደለም። ግን የሌሊት ወፍ ነው የሚሉትም ዋሻውን መጠርጠራቸው ልክ ነበር» አለችኝ።

«ሥጋ ደዌስ?»

«አይደለም።»

«ከእኔ ወደ ልጄ ይተላለፋል?»

«በመንካት አይተላለፍም። አብሮ በመብላትም፣ በመሳምም አይተላለፍም።»

ደረጀ ወደ ግድግዳው ዞሮ ዓይኑን በእጁ ጫፍ ጠረገ። እኔ ሌላ ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም። የዚያን ቀን «መድኃኒቱ ለጊዜው አልቋል፤ ሲመጣ እንደውልላችኋለን» ተብለን ነው የተመለስነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያናድደኝ ነበር። ቤት ስደርስ ማስተዋል ደጃፉ ላይ ትጫወት ነበር። አነሳኋትና እስክትጮህ ድረስ ሳምኳት።

መድኃኒቱ እስኪመጣ የጠበቅሁበት ጊዜ ረጅም ነበር። በመጨረሻ ተደወለልኝ፤ ደረጀ በግ ሸጦ ስንቅ አሰናዳልኝ፤ ሆስፒታል ገብቼ ተኛሁ።

የገበያዋ ሴት እንዳለችው መርፌው ያማል። በየቀኑ ጭን ወይም መቀመጫ ላይ ይወጋል፤ የወጉት ቦታ ድንጋይ ይሆናል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያዬን ሁሉ ቆረጣጠመኝ፤ የምግብ ሽታ አስጠላኝ። መድኃኒቱ ልብን ሊነካ ስለሚችል በየጊዜው ደረቴ ላይ ሽቦ እየለጠፉ የልቤን ምት ያዩ ነበር። «ይበቃኛል፣ ልውጣ» ያልኩባቸው ቀኖች አሉ። መርፌውን የምትወጋኝ ነርስ ጠርሙሷን መዳፏ ውስጥ ይዛ ሞቅ ሳታደርግ አትወጋኝም ነበር። «ቀዝቃዛውን ከወጋሁሽ የበለጠ ያምሻል» ትለኛለች። ማንም አላዘዛትም። ለእሷ ስል ቀረሁ ብል ውሸት አይሆንም።

ጠዋት ጠዋት ከመርፌ በኋላ መራመድ የቻልን ሁሉ ውጭ ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ እንሞቅ ነበር። እዚያ ነው ሰይድን የተዋወቅሁት። ከቆቦ ቆላ የመጣ፣ ገና ጢሙ ያልሞላ ልጅ እግር ነው። እሱ ፊቱ ላይ ምንም የለበትም። ሆዱ ግን ተነፍቶ፣ እጅና እግሩ የስንዴ አገዳ መስሏል። ጣፊያው አብጦ ነው። ሕመሙ ካላዛር ይባላል። የእኔው ተሐዋስ ዘመድ ነው፤ የእኔው ቆዳ ላይ ይቀመጣል፣ የእሱው ወደ ውስጥ ገብቶ ጉበትና ጣፊያ ያበላሻል፣ ካልታከመ ይገድላል።

«መተማ ሰሊጥ ልሠራ ሄጄ ነው መምህርት» አለኝ። «ጫካው ተመንጥሮ እርሻ ነው፤ ዓይንሽ የሚያርፍበት የለም። መሐሉ ላይ አንዳንድ ግራር ትተዋል። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ እግርሽ የሚገባበት ስንጥቅ ይሠራል። ሥራ ስንጨርስ ግራሩ ሥር፣ እዚያው ስንጥቁ ላይ ነው ጋደም የምንለው። ወላሂ፣ ከእንቅልፍ በቀር የምናስበው ነገር አልነበረም።»

«አልነከሳችሁም?»

«ነክሶናል። ማን ልብ አለው። አገሬ ስገባ ትኩሳት ጀመረኝ። ወባ ነው አሉኝ፣ ታከምኩ። ታይፎይድ ነው አሉኝ፣ ታከምኩ። እንደገና ወባ አሉኝ። ሆዴ ሲነፋ ነው እናቴ ያመጣችኝ።»

ዝንቧ እሱ በሠራበት አገር የምትደበቀው በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር ነው። እኔ ስለ ገደላችን፣ ስለ ዋሻው ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ «እንዴ መምህርት፣ አንቺን የነከሰሽ ገደል ነው፤ እኔን ደግሞ ሜዳ» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ አፍንጫው ደማ።

አንድ ጠዋት ግድግዳው ሥር አጣሁት። ማታውን ደም አስታውኮ ኦክስጅን ተደርጎለታል። በማግስቱም አልወጣም። እናቱ በር ላይ ቁጭ ብለው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው ናቸው እጄን ይዘው፣ «አላህ ካለ ይነሳል። አንቺ መርፌሽን ተወግተሻል ዛሬ?» ያሉኝ። ዕለቱን ተወግቼ ነበር። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን «ይበቃኛል» አላልኩም።

ሰይድ ተነሳ። መጀመሪያ ሾርባ ለመነ፣ ከዚያ እንጀራ፣ ከዚያ የእኔን ድርሻ ጨምሮ መብላት ጀመረ። ከእኔ ቀድሞ ነው የወጣው። ሲሰናበተኝ፣ «ሰሊጥ ትመለሳለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«መሬት የለኝም መምህርት፤ ወዴት እሄዳለሁ? ግን ኢንሻአላህ ግራር ሥር አልተኛም። መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይዤ ነው የምሄደው። አብረውኝ ላሉትም እነግራለሁ።»

«በርታ» አልኩት። እኔም ወደ ገደሌ ነበር የምመለሰው።

ቁስሌ ደርቆ፣ ዙሪያው ሟሽሾ ነው የወጣሁት። ትምህርት ቤት ፊቴን ገልጬ ገባሁ። ርእሰ መምህሩ በሰልፍ ሰዓት ልጆቹ ፊት አስቁሞ እንድናገር ፈቀደልኝ፤ ስለ ዝንቧና ስለ ሽኮኮው ነገርኳቸው። ልጇን ወደ ኋላ ወንበር ያዛወረችው እናት በሳምንቱ የራሷን ክንድ ልታሳየኝ መጣች። ክንዷ ላይ ምንም አልነበረም፤ ቧጨራ ነው። ግን መጣች።

ቤቴ ግን እንዳለ ነበር። ያስተዋልኩት ያኔ ነው። እኛ አገር ለጥ ያለ መሬት ማለት እርሻ ማለት ነው፤ ሜዳ ላይ ቤት መሥራት እህል ላይ እንደ መተኛት ይቆጠራል። የአባት ማሳ ለልጆች ሲከፋፈል፣ የልጆቹም ሲከፋፈል፣ በሬ የሚዞርበት ጠፍቷል። ስለዚህ አዲስ ለሚያገቡት የሚሰጠው የቤት ቦታ ሞፈር የማይገባበት፣ ድንጋዩ የበዛበት፣ ገደል ሥር ያለው ነው። አያቶቻችን ሜዳው መሐል ነበር የሚኖሩት፤ እኛ ነን ወደ ሽኮኮው ደጅ የሄድነው። ተራራው ከግጦሽ ተከልሎ ቁጥቋጦው ሲያገግም ሽኮኮውም በዝቷል። የቁጥቋጦው ጥፋት አይደለም፤ አፈራችንን ያቆመልን እሱ ነው። እኛ እዚያ መተኛታችን ነው ነገሩ።

ደረጀን «እንነሳ» አልኩት። «ወዴት?» አለኝ።

«አውድማው ላይ።»

አውድማችን ጉብታ ላይ ነው። እህል እዚያ የሚበራየው ለማናፈስ የሚበቃ ነፋስ ስላለ ነው። ሐኪሟ «ዝንቧ ደካማ ናት፤ ነፋስ ባለበት መብረር አትችልም» ብላኝ ነበር። ደረጀ ሐሳቡን ወዶታል። አውድማው ግን የአያ ሞላ ነው። ስንነግራቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩንም።

«አውድማ ላይ ቤት ይሠራል እንዴ? እህሉን የት ልወቃ ነው፣ ጭንቅላቴ ላይ?»

«አባባ፣ ታች ካለው ጥግ ሌላ አውድማ እናደላድላለን» አልኳቸው።

«እዚያ ነፋስ የት አለ? ቤቱም ቢሆን ነፋሱ ጣራውን ይወስደዋል። አንቺ ድነሻል፤ ተመስገን በይ። ይህ ገደል እኔን ሲያኖር ኖሯል።»

ክርክራችን ሳያልቅ ሰነበተ። እኔ ግን ማታ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጄን ከዋሻው አፍ እየጎተትኩ አስገባለሁ፤ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ እመርጋለሁ፤ ፍጉን ደረጀ ራቅ አድርጎ ይከምረዋል። በየሳምንቱ ማስተዋልን አውልቄ ከጸጉሯ እስከ ተረከዟ አያታለሁ። አንድ እሑድ ጆሮዋ ጠርዝ ላይ ነጥቧን አገኘኋት። የምስር ፍሬ የምታህል። ቀይ።

አልጮህኩም። አላለቀስኩም። ያን ጊዜ የተሰማኝ ቁጣ ነው፤ እግሬን አልያዘኝም ቁጣው፣ አስነሳኝ እንጂ። በማግስቱ መንገድ እንጀምራለን አልኩ። ደረጀ እርሻ ላይ ስለነበር አያ ሞላ «እኔ አደርሳችኋለሁ» አሉ። ዕድሜያቸውን አስቤ «ይቅርብዎ አባባ» ብላቸው፣ «የልጄ ልጅ ናት» አሉኝ።

ያው ሐኪም አየቻት። ያው ምላጭ፣ ያው መስታወት፣ ያው ስም። ገና ትንሽ ስለነበረ እንደ እኔ አልጋ ይዛ መተኛት አላስፈለጋትም፤ መድኃኒቱን እዚያው ቁስሉ ዙሪያ ነው የሚወጓት፣ በየሳምንቱ እየተመላለሰች። ለዚህ ነው ቶሎ ሂዱ የምለው። ግን ጆሮ ላይ መርፌ ቀላል አይደለም። ሕፃኗን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ከእኔ እጅ ተፈናጥራ ወጣች። አያ ሞላ ጋቢያቸውን አወለቁ፣ ማስተዋልን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፣ ጭንቅላቷን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። «አያ! አያ ልቀቀኝ!» ብላ ጮኸች። አልለቀቁም። መርፌው እስኪወጣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ስንመለስ ልጅቷ ትከሻቸው ላይ ተኝታለች። ከሚኒባሱ ወርደን ዳገቱን ተያያዝነው። ጉብታው ጋ ስንደርስ አያ ሞላ ቆሙ። ጋቢያቸው በነፋሱ ተነፋ።

«ሐኪሟ ይህ ዝንብ ነፋስ አይችልም ነው ያለችው?»

«አዎ አባባ።»

«በሩን በየት አቅጣጫ ነው የምታደርጉት?»

እንዲህ ነው አውድማውን ያገኘነው። ጎረቤት ሳቀብን፤ ጣራችንን በድንጋይ ስንጭን ደግሞ የበለጠ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ይበርዳል። ውኃም ራቀን። አዲሱ አውድማ ነፋስ ስለሚያንሰው ገብሱን ለማናፈስ እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። ከብቶቹን በሌላኛው ቁልቁለት፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ በድንጋይ በታጠረ በረት አዛወርናቸው። የማስተዋል ጆሮ ድኗል፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ብሎ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ከቤታችን ሰው አንድም አዲስ ነጥብ አልወጣበትም። ነገ አይወጣም ብዬ አልምልም። ግን እጄን አጣጥፌ አልጠብቀውም።

ሰው ይጠይቀኛል፤ የምመልሰው ይህን ነው። በወር ውስጥ ያልሻረ ቁስል ካላችሁ የሚያክም እስክታገኙ ፈልጉ። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት፤ ገደል ሥር ነው የምኖረው፣ ሰሊጥ ሄጄ ነበር በሉት። የሚያቃጥል ነገር አትቀቡ። የታመመውን አትሽሹት፤ ሳሙት።

ባለፈው ዓመት የአያ ሞላ ወንድም ልጅ ልትዳር ሽማግሌ ተቀመጠ። የእሷ ወገን ተናጋሪ አያ ሞላ ነበሩ። የሙሽራው አባት ለልጁ የሚሰጠውን ዘረዘረ፤ በሬውን፣ ላሟን ከነጥጃዋ፣ ከዚያም፣ «ለቤት የሚሆን ቦታ ከገደሉ ሥር ሰጥቻለሁ፤ መጠለያው የታወቀ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደንቡ ነዋ።

«ገደሉን ለሽኮኮ ተውለት» አሉ አያ ሞላ። «ለልጃችን ከሚታረሰው ስጥ።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን ወደ ጓዳው ዞረው፣ «እናንዬ፣ እስቲ ነይ» ብለው ጠሩኝ። ወጥ ስጨልፍ ነበር፤ እጄን በመቀነቴ ጠርጌ ገባሁ። ወንዶቹ መሐል ቆምኩ። ሁሉም ጉንጬን አዩ፤ ሁሉም ከዚህ በፊት ያዩት ነው፣ ያን ቀን ግን ትክ ብለው አዩት።

«ማሳ ቢጠብ ይጋሩታል» አሉ አያ ሞላ። «ፊት ግን አይጋሩትም።»

የሙሽራው አባት በዱላው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረገ። ከዚያ፣ «የገብሱ ማሳ ዳር፣ ነፋስ የሚመታው ጥግ አለኝ» አለ።

«ጨብጥ» አሉት አያ ሞላ፣ እጃቸውን ዘርግተው።